በክፍት ክር የሚጀምር ሥራ፦ ክላሲካል ጊታርና መምህርነት በመሀል አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ላይ በክላሲካል ጊታር የሚተዳደር ሰው ከሁሉ በፊት መምህር ነው። የመድረክ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም፤ የሆቴል ምሽት፣ ሠርግ፣ በባህል ተቋማት የሚዘጋጅ ኮንሰርት ሁሉ ይገኛል። ግን ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ ወቅት ጠብቆም ይሄዳል። የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማስተማሩ ነው። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ጎበዝ ወጣት ጊታሪስቶች አሉ፤ በፍጹም አልስማማም። ለጊታር የጻፉት ታላላቅ ተጫዋቾች፣ ፈርናንዶ ሶር፣ ማውሮ ጁሊያኒ፣ ማቴዮ ካርካሲ፣ ፍራንሲስኮ ታሬጋ፣ ሁሉም አስተምረዋል፤ ዛሬ ጀማሪ የሚፍጨረጨርባቸው ልምምዶች ብዙዎቹ ለተማሪ እጅ ሲባል የተጻፉ ናቸው። በደንብ የሚያስተምር ሰው የራሱ አጨዋወት ይጠራል፤ መጫወት የተወ መምህር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ለተማሪው የሚያሳየው ነገር ያልቅበታል። ሁለቱን አንድ ሥራ አድርጎ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ።

ዕቃውና የከተማው አየር

ከገበያ ልጀምር፤ አብዛኛው ተማሪ የሚበላሸው እዚያ ነው። ወላጅ "ጊታር" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ነው። ክላሲካል ጊታር ናይለን ክር አለው፤ አንገቱ ሰፊ ነው፣ ነቱ (በአንገቱ ራስ በኩል ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) ላይ 52 ሚሊሜትር አካባቢ፤ ከነት እስከ ሳድል (በአካሉ በኩል ክሩ የሚያርፍበት ቀጭን ቁራጭ) ያለው የክር ርዝመት ለአዋቂ 650 ሚሊሜትር ነው። ይህ መጠን የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስፔናዊው ሠሪ በአንቶኒዮ ደ ቶሬስ ሥራ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ ጊታር፣ ከዚያ እስከ 11 ዓመት ገደማ ሦስት አራተኛ የሚባለው ይበቃል። "ያድግበታል" ተብሎ ለ7 ዓመት ልጅ ሙሉ ጊታር መግዛት ልጁን በሁለት ወር ውስጥ ከትምህርቱ ያስወጣዋል፤ ትከሻው ይሰቀላል፣ የግራ እጁ አንጓ ይታጠፋል፣ አንደኛው ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው የብረት መስመር) ላይ ጣቱ አይደርስም።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የናይለን ክር ሲበጠስ በብረት መተካት ነው። ስድስቱ የናይለን ክሮች ተቃኝተው በአንድነት ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ፤ የብረቱ ከ70 ኪሎ ያልፋል። የክላሲካል ጊታር ብሪጅ፣ ማለትም ክሩ የሚታሰርበት እንጨት፣ ቀጭኑ የፊት እንጨት ላይ በሙጫ ብቻ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ አብዛኞቹም አንገታቸው ውስጥ የብረት ዘንግ የላቸውም። ብረት የታሰረበት ጊታር መጀመሪያ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ቀጥሎ ከብሪጁ ኋላ ያለው እንጨት ያብጣል፣ በመጨረሻ ብሪጁ ይነቀላል። ያገለገለ ጊታር ስትገዙ በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ከገባ ሙጫው ለቋል፤ ጊታሩ ብረት ታስሮበት እንደነበርም ጠርጥሩ።

12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ቀጭኗ ሚ (የመጀመሪያዋ ክር) 3 ሚሊሜትር፣ ወፍራሟ ሚ (ስድስተኛዋ) 4 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነች ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሳድሉን አውጥቶ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይቻላል፤ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊሜትር ይነሣል። ትንሽ በትንሽ፣ እያሰራችሁና እየለካችሁ ሂዱ፤ የተነሣ አይመለስም። የሳድሉ ሥር ጠፍጣፋ ካልሆነ አንዱ ክር ይደክማል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሳድሉን በላዩ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ አየሩ ደረቅ ነው። ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይወዳል። ድርቀቱ ሲበዛ እንጨቱ ይሰበሰባል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል፣ የፊት እንጨቱ ስለሚሰምጥ ክሩ ዝቅ ብሎ ፍሬቱን እየነካ ይንዛዛል፣ ከቆየም እንጨቱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ተቃራኒው ይሆናል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ክሩ ይርቃል፣ ተማሪው "ጊታሩ ጠነከረብኝ" ይላል። በጥር የተንዛዛ ጊታር ይዞ ሳድል ለማስቀየር ከመሮጥ በፊት እርጥበት መስጠት ይቀድማል፤ በጥር ከፍ የተደረገ ሳድል ሐምሌ ላይ ጣት ይሰብራል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ሚስማር ብሱት፣ በውኃ ነክራችሁ ጥሩ አድርጋችሁ የጨመቃችሁትን ስፖንጅ ውስጡ አድርጉ፣ ኬዙ ውስጥ በአንገቱ ራስ በኩል አስቀምጡት። በየሦስት አራት ቀኑ ይነከራል። ጠብታ የሚጥል ስፖንጅ እንጨቱን ያበላሻል፤ መጨመቁን አትዝለሉ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ እሱም ኬዙ ውስጥ ይግባ። ጊታሩን ግድግዳ ላይ መስቀል ያምራል፣ ለዚህ ከተማ በጋ ግን አይሆንም። በታክሲ ስትሄዱም ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት መካከል ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ለጊታሩ ተጨማሪ ወንበር መክፈል ከጥገናው ይረክሳል።

ክርና ጥፍር

በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው ሦስቱን ወፍራም ክሮች በሁለት ሦስት ወር መቀየር አለበት፤ ቀጫጭኖቹ እጥፍ ያህል ይቆያሉ። መጀመሪያ የሚሞተው አራተኛው ክር፣ ሬ ነው። የብረት ጥምጥሙ ቀጭን ስለሆነ ፍሬት በሚነካበት ቦታ ይበላል፤ በጣት ስትዳስሱት ጎድጎድ ካለ ከመድረክ በፊት ቀይሩት፤ አለዚያ ሰው ፊት ይበጠሳል። እዚህ የናይለን ክር በፈለጉት ቀን ላይገኝ ስለሚችል ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ጥቅልና ሁለት ትርፍ አራተኛ ክር ቤት ይኑር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣ ከሚጠየቁ ነገሮች ሁሉ ቀላሉም እሱ ነው፤ አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል።

አዲስ ናይለን እየተለጠጠ ለበርካታ ቀን ቅኝቱን ይለቃል፤ ለኮንሰርት የሚቀየር ክር ከሳምንት በፊት ይቀየር። ብሪጁ ላይ ስታስሩ ቀጭኗን ሚ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሟት፤ የመጨረሻው ጥምጥም ከብሪጁ የኋላ ጠርዝ በታች መውረድ አለበት። ላይ ከቀረ ክሩ ሲወጠር ይሾልክና የፊት እንጨቱን ይገርፈዋል፤ ብዙ ጊታሮች ከብሪጅ ኋላ የሚታይባቸው ጠባሳ የዚህ ውጤት ነው።

የቀኝ እጅ ጥፍር የክላሲካል ጊታሪስት ድምፅ ነው። መዳፍን ወደ ራስ አዙሮ ሲታይ ጥፍሩ ከጣት ሥጋ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቅ ቢል ይበቃል፤ አውራ ጣት ትንሽ ይርዘም። ቅርጹ የጣቱን ጫፍ ይከተል፣ ክሩ የሚወጣበት ጎን ተዳፋት ይኑረው። መጀመሪያ በመስታወት ሞረድ፣ ቀጥሎ በ600፣ ከዚያ በ1,000፣ በመጨረሻ በ2,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። የሚፋጭ፣ ሻካራ ድምፅ ከሰማችሁ ወረቀቱን ሳትጨርሱ ተነሥታችኋል ማለት ነው። ጥፍር ከተሰበረ የፒንግፖንግ ኳስ ቁራጭ በሱፐር ግሉ ከላይ ለጥፎ መሞረድ ለአንድ ምሽት ያደርሳል።

በእጅ በምንበላ ሰዎች ዘንድ ጥፍር ጉዳይ ነው፤ ረጅም የቀኝ ጥፍር ይዞ ማዕድ መቅረብና ጉርሻ ማጉረስ ሰው ያያል። ንጹሕና አጭር አድርጎ መያዝ የሙያው አካል ነው። እጅ ለረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ጥፍር ይለሰልሳል፤ ልብስ በእጅ የሚያጥብ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ካጠበ በኋላም ወዲያው አይሞርድ። ለልጆች ግን ጥፍር አታስጀምሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያስቆርጣሉ፤ በሥጋ ብቻ መጫወትም ሙሉ መብት ያለው መንገድ ነው። ሶርም የታሬጋ ተማሪ ኤሚሊዮ ፑሆልም ያለ ጥፍር ነው የተጫወቱት፤ ታሬጋም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጥፍሩን ቆርጧል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

የመሀል ከተማ ተማሪ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ መምህሩ ከየት እንደመጣ ቶሎ ማወቅ አለበት። በሰንበት ትምህርት ቤት ዜማ የለመደ፣ ወይም በገናና ክራር የያዘ ሰው ጆሮው የተገራ ነው፤ አንድ ሐረግ ሁለቴ ሰምቶ ይመልሳል፣ ትዕግሥትም አለው። የሚቸግረው ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ መስማት ነው፤ ባሱ (ከዜማው ሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ) ሲገባበት ዜማው ይጠፋበታል። ከፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ቡድን የሚመጣው ደግሞ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እና ምት ያውቃል፣ ከማንኛውም ቁልፍ ወደ ማንኛውም ቁልፍ ይዘዋወራል፤ ኖታ ግን አያነብም፣ ቀኝ እጁም ሁሉንም ክር በአንዴ መግረፍ ለምዷል። ሦስተኛው ከካዛንቺስ ወይም ከስታዲየም ዙሪያ ቢሮ ወጥቶ የሚመጣ አዋቂ ነው። ይህ ሰው ብልህ ነው፣ ማብራሪያ ይወዳል፣ ጊዜ ግን የለውም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት የመጀመሪያ ትምህርት መስጠት ሁለቱን ማጣት ነው። ለመጀመሪያው ባስ፣ ለሁለተኛው ኖታና ነጠላ ጣት፣ ለሦስተኛው ደግሞ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ የዕለት ልምምድ ይቅደም።

አቀማመጡ ለሁሉም አንድ ነው። የወንበሩ ጫፍ ላይ መቀመጥ፤ ግራ እግር ከ12 እስከ 18 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው መርገጫ ላይ፤ የጊታሩ ወገብ ግራ ጭን ላይ፤ የአንገቱ ራስ በዓይን ትይዩ። መርገጫ ከሌለ ወፍራም መጽሐፍ ወይም በትክክል የተቆረጠ ጣውላ ይሠራል። ወገብ የሚያመው ተማሪ ብዙ ጊዜ መርገጫው በጣም ከፍ ያለበት ነው።

ቀጥሎ የማነሣው ከሁሉ በላይ የማምንበት ነገር ነው። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። በግራ እጅ ምንም ሳይያዙ፣ ማለትም በክፍት ክር፣ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይህ ሶል ላይ የቆመ ትዝታ ሜጀር ነው። ከሚ ብትጀምሩ ደግሞ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ይሆናል፤ ይህ ባቲ ማይነር ነው። ግራ እጁን ገና ያላሳረፈ ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቤቱ የሚያውቀውን ቅኝት ከጊታሩ ያወጣል ማለት ነው። የአውሮፓ የማስተማሪያ መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም፤ ልብ ማለት ያለብን እኛ ነን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው አውራ ጣቱን አራተኛው ክር ላይ፣ ጠቋሚውን ሦስተኛው ላይ፣ መሀል ጣቱን ሁለተኛው ላይ ያሳርፍ፤ ሬ፣ ሶል፣ ሲ እያለ በስድስት ቆጠራ ሁለት ጊዜ ይድገም፣ አንድና አራት ላይ አውራ ጣቱ ይውደቅ። መምህሩ በላዩ የትዝታ ዜማ በሶል ይጫወት። ሁለት ሳምንት ይህ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ተማሪው አውራ ጣቱን ብቻ ከአራተኛው ክር ወደ ስድስተኛው ያዛውር፤ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል፤ መምህሩም ወደ ባቲ ይለፍ። ከአውራ ጣቱ በቀር ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ የሙዚቃው መንፈስ ግን ሌላ ሆኗል። ባስ ምን እንደሚሠራ በቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጆሮው ሰምቶታል።

ከዚህ በኋላ የጁሊያኒ 120 የቀኝ እጅ ልምምዶች ይግቡ። ግራ እጅ ሁለት ኮርድ ብቻ፣ ዶ ሜጀርና ሶል ሰባት፣ ስለሚይዝ ሐሳብ ሁሉ ቀኝ እጅ ላይ ይሆናል። 120ውንም ማሠራት አያስፈልግም፤ በሦስት ወር ከ10 እስከ 12 ተመርጠው በዝግታ ከተሠሩ በቂ ነው። በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ንጹሕ ከሆነ በ4 ጨምሩ፤ ከተሳሳተ በ8 ቀንሱ። የካርካሲ ኦፐስ 60፣ ሃያ አምስቱ ጥናቶች፣ ከመጀመሪያው ዓመት በፊት መነካት የለባቸውም፤ ቀድሞ የጀመረ ተማሪ ያነባቸዋል፣ አይጫወታቸውም።

ተማሪ የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወር ነው። መስከረም ላይ ተመዝግቦ ኅዳር ላይ ይጠፋል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ሕመምና ባዶ እጅ። ሕመሙ የሚመጣው ግራ አውራ ጣትን አንገቱ ላይ ከመጫን ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ አውራ ጣቱን ከአንገቱ ያንሣና በክንዱ ክብደት ብቻ አንድ ድምፅ ይያዝ። ድምፁ ከወጣ ያን ሁሉ መጭመቅ እንደማያስፈልግ በራሱ ያያል። ጣቱ ከፍሬቱ አጠገብ ካልሆነ እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ "የሚንጨባረቅ" ድምፅ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። በ25 ደቂቃ አንዴ እረፍት ግዴታ ነው። የአንጓ ሕመም በማግስቱም ካለ ጊታሩ ይቀመጥ፤ ጅማት በእልህ አይድንም። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመለማመድ በሳምንት አምስት ቀን 20 ደቂቃ ይሻላል፤ እጅ የሚማረው በድግግሞሹ መካከል ባለው እንቅልፍ ነው።

ባዶ እጅ ያልኩት ደግሞ ዘመድ "እስቲ ተጫወት" ሲለው የሚያሰማው ነገር የሌለውን ተማሪ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ላይ አንድ የተጠናቀቀ፣ አንድ ደቂቃ የሚሞላ ዜማ በእጁ ይኑር። ያ ዜማ በቅኝት ቢሆን እናት አባት ያውቁታል፤ ወላጅ የሚያውቀውን ሲሰማ የሚቀጥለውን ወር ይከፍላል።

ቅኝትን ናይለን ላይ ማሳደር

እዚህ የሚሠራ ጊታሪስት ዝግጅቱ ከሶርና ከታሬጋ ጎን የራሳችንን ቅኝት ካልያዘ ግማሽ ሥራውን ያጣል። ግን ኮርድ ከታች ማስገባት ብቻ ቅንብር አይደለም። ትዝታ ሜጀር በላ ብንወስድ ድምፆቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ ናቸው። የለመዱትን ሦስት ኮርዶች፣ ላ፣ ሬና ሚ ሜጀር፣ ብታስገቡ ሬ ሜጀር ውስጥ ያለው ሬ፣ ሚ ሜጀር ውስጥ ያለው ሶል ሻርፕ ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ዜማው ትክክል ሆኖ ሳለ "ትዝታ ትዝታ አይልም" የሚባለው ለዚህ ነው። የሚሠራው ባዶ ባስ ነው፦ አምስተኛው ክር ላና ስድስተኛው ክር ሚ በየተራ፣ መካከሉ ላይ ከቅኝቱ ድምፆች አንድ ሁለት።

ትዝታ ማይነር በላ፣ ማለትም ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ለጊታር የተሠራ ይመስላል። እነዚሁ ድምፆች ከሚ ሲነሡ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናሉ፤ አምባሰል ነው። አንድ ተማሪ ሁለቱን ለመለየት ማዕከሉን፣ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ፣ መስማት አለበት፤ ስለዚህ አምባሰልን ስታስተምሩ ስድስተኛውን ክር፣ ሚን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሰማ አድርጉት። ሬና ሶል ክፍት ክሮች ከሁለቱም ውጭ ናቸው፤ ቀኝ አውራ ጣት በስሕተት ሬን ከነካ ቅኝቱ ይሰበራል።

አንቺሆዬ ከሁሉ ይከብዳል። በሚ ከሆነ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ሻርፕ ነው፤ ከክፍት ክሮች የሚስማሙት ሚና ላ ብቻ ናቸው። ሁለተኛውን ክር ከሲ ወደ ሲ ፍላት፣ አራተኛውን ከሬ ወደ ዶ ሻርፕ አውርዱ። ሁለቱም ወደ ታች ስለሆኑ ክር አያሰጉም፤ ከስድስቱ ክፍት ክሮች አምስቱ ቅኝቱ ውስጥ ይገባሉ፣ ሶልን ብቻ መጠበቅ ነው። ለስላሳ ክር ሲላላ መጀመሪያ ይንሸራተታልና ከሚፈለገው በታች አውርዶ ወደ ላይ መሳብ ቅኝቱን ያጸናል። የጊታር ፍሬት የክራር መቃኛ የሚሰጠውን ነጻነት አይሰጥም፤ ያንን ልዩነት በቪብራቶ (ድምፁን በማንቀጥቀጥ) ትንሽ ማካካስ ይቻላል፣ ክሩን በርዝመቱ ወደ ነት ወይም ወደ ብሪጅ እየሳቡ።

ባቲ ማይነር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሮክና ብሉዝ የለመደ ተማሪ ድምፆቹን ወዲያው ያውቃቸዋል፣ ምክንያቱም ከፔንታቶኒክ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ጣቱ ወዲያው የለመደውን ሐረግ ይጫወታል። ይህን የሚያርመው ማዳመጥ ብቻ ነው፤ ጊታሩን ያስቀምጥ፣ የክራር ወይም የመሰንቆ ቅጂ ይስማ፣ ሐረጉን በአፉ ይዝፈን፣ ከዚያ ይንካው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገናን ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተማሩ ለጊታሪስት ትልቅ ሀብት ነው፤ ከክራር ተጫዋች ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት መቀመጥ ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል።

ሰዓት፣ ዋጋ፣ ወቅት

ለማስተማር የሚመቸው ሰዓት ጠባብ ነው። ልጆች ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ አዋቂዎች ከ12 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። በሥራ ቀን አራት ተማሪ፣ ቅዳሜ ስድስት፤ በሳምንት 26 ትምህርት ይሆናል። ሁሉም በሳምንት ሁለቴ ቢመጣ 13 ተማሪ ነው። ከዚያ በላይ የሚወስድ መምህር የራሱን ልምምድ ይበላል። ቤት ለቤት ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከፒያሳ ቦሌ ደርሶ መመለስ ከትምህርቱ ይረዝማል። ስለዚህ የቤት ለቤት ዋጋ በትምህርቱ ርዝመት ሳይሆን ከቤት ወጥቶ እስከ መመለስ ባለው ሰዓት ይሰላ። ክፍያው የወር፣ በወሩ መጀመሪያ፣ ስምንት ትምህርት ይሁን፤ ከአንድ ቀን በፊት ሳይነገር የቀረ ትምህርት እንደተሰጠ ይቆጠር። ይህን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ መስጠት ይሉኝታን ያቀላል። ይሉኝታ ብዙ መምህራንን አክስሯል።

ወቅቱን ማወቅ ግድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የልጆች ወቅት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ወላጅ ልጁን የሚያስይዘው ይፈልጋል። ሰኔ በፈተና ይሳሳል። ሠርግ በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ ብዙ የምሽት ቤትም ይቀዘቅዛል። አዲስ ዝግጅት ማጥናት፣ ቅንብር መጻፍ፣ ጊታር ማስጠገን በሁዳዴ ይሁን።

ለሆቴል ወይም ለእራት ምሽት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ መካከሉ 15 ደቂቃ ዕረፍት የተለመደ ነው። 90 ደቂቃ ለመሙላት ከ25 እስከ 30 አጫጭር ሥራ ያስፈልጋል። እንደ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን ባህል ተቋም ባሉ ቤቶች የሚመጣው አድማጭ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ያለ ማጉያ መጫወት ይቻላል፣ ይሻላልም። ብሔራዊ ቴአትርን የሚያህል አዳራሽ ግን ማይክ ይፈልጋል። ማይኩን ከጊታሩ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ፣ 12ኛው ፍሬት አካባቢ አነጣጥሩት፤ ቀጥታ ቀዳዳው ላይ ከሆነ ባሱ ያጉረመርማል። ድምፅ ማጉያው ሲጮህ አብዛኛው ጥፋት 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የጊታሩ ውስጥ አየር ራሱ የሚያስተጋባበት ነውና እዚያ ላይ ቀንሱ። መብራት ይጠፋል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ይዞ መሄድ ወይም ግድግዳ ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ ምሽቱን ያድናል።

ለማንኛውም ሥራ ግማሹ ቀብድ ይከፈል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደሚጫወቱ፣ ድምፅ ማጉያ ማን እንደሚያመጣ፣ ቢሰረዝ ቀብዱ እንደማይመለስ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም። ድርጅቶች ቲንና ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ከክፍያው ላይ ግብር ቀድመው ከያዙ የያዙበትን ደረሰኝ በዚያው ቀን ተቀበሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ ሲሠራ የሚቀነሰው በዚያ ወረቀት ነው።

የራስ ልምምድ ከተማሪ በፊት፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት የደከመ እጅ የሌላውን ስሕተት ብቻ ይለማመዳል። 40 ደቂቃ ብቻ በሚገኝበት ቀን 10ሩ ለቀኝ እጅ አርፔጂዮ (የኮርድን ድምፆች አንድ በአንድ መምታት)፣ 10ሩ ለትሬሞሎ (አንድን ድምፅ ደጋግሞ መምታት) በዝግታ፣ 20ው ደግሞ በሚቀጥለው ምሽት ለሚቀርበው ሥራ አስቸጋሪ አራት መስመሮች ይዋል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።